ጤና አዳም በስኒ እንጂ በብርጭቆ አይጠጣም

ጥያቄ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት፤ አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ጤና አዳም ከፍተኛ አንቲኦክሲዳንት ስላለው ደም ያጠራል፣ ካንሰርም ይከላከላል የሚል ቪዲዮ ካየች ወዲህ በየቀኑ አንድ እፍኝ ቅጠል ቀቅላ ጧትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች። ሦስት ሳምንት ሆናት። ባለፈው ስትለካ ግፊቷ 128/80 ሆኖ ስላገኘችው ‹ከእንግዲህ ኪኒኑን ልተወው› እያለች ነው። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው እህቴም ማቅለሽለሹን ያስታግስልሻል ተብላ ከዚያው ትጠጣለች። የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል? በቀን ስንት ብርጭቆ ይበቃል?»

ምላሽ፦ ከእህትዎ ልጀምር፤ የእሷ ጉዳይ ቀጠሮ አይሰጥም። ጤና አዳም ነፍሰ ጡር ሴት የምትጠጣው ነገር አይደለም። በብርጭቆም፣ በግማሽ ብርጭቆም፣ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎም አይሆንም። ተክሉ ማኅፀን እንዲኮማተር ሊያደርግ ይችላል። ከጥንት ግሪክና ሮም ሐኪሞች ዘመን ጀምሮ በብዙ አገር ጽንስ ለማስወረድ ሲጠጣ የኖረውም ለዚህ ነው። በነፍሰ ጡር አይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ጽንሶቹን ጎድቷል። ለእናትየዋም ቢሆን አያዝንም። ኡራጓይ ውስጥ ያለ የመርዝ ሕክምና ማዕከል ጽንስ ለማስወረድ ልዩ ልዩ ቅጠል አፍልተው የጠጡ ሴቶችን ታሪክ መዝግቦ አሳትሟል። ጤና አዳምና ዘመዶቹን ከጠጡት መካከል ጉበት፣ ኩላሊትና ሌላውም የሰውነት ክፍላቸው አብሮ ሥራ ያቆመባቸው ነበሩ።

ይህን የምለው ላስደነግጥዎ አይደለም። እስካሁን የጠጣችው ጽንሱን ጎድቶታል ማለትም አይደለም። ግን ዛሬውኑ ታቁም። በዚህ ሳምንት ወደ እርግዝና ክትትሏ ሄዳ ምን ያህል፣ ለስንት ቀን እንደጠጣች ሳትደብቅ ትናገር። የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ካየች ግን ሳምንት አትጠብቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ለማቅለሽለሹ ሌላ መፍትሔ አለ። ጧት ከአልጋ ሳትነሣ ደረቅ ነገር መቅመስ፣ ቂጣ ወይም ትንሽ ቆሎ፣ ቀኑን ደግሞ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ መብላት ይረዳል። ዝንጅብልም በልኩ ያስታግሳል። በቂ ካልሆነ ቫይታሚን ቢ6 አለ፤ መጠኑን የሚከታተላት ባለሙያ ይንገራት።

አሁን ወደ ተክሉ። አንድ የጤና አዳም ቅጠል ቀንጥሰው ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩት። በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል። ነጠብጣቦቹ ቀዳዳ አይደሉም፤ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ብርቱካን ስንልጥ ዓይናችን ውስጥ የሚፈነጥቀውን ዘይት የያዙት ከረጢቶችም የዚህ ዓይነት ናቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው። እንዲያውም የሎሚና የብርቱካን ቤተሰብ በሳይንስ የሚጠራው በጤና አዳም ወገን ስም፣ በሩታ ነው። በየጓሯችን ያለው ጤና አዳም ሙሉ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል፤ «የሐለቡ» እንደማለት ነው፣ የሶርያዋን ከተማ። ቢጫዋን አበባ ጠጋ ብለው ቢያዩ የቅጠሎቿ ጠርዝ እንደ ጋቢ ዘርፍ የተተለተለ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ግን ስለ አውሮፓው ዘመዱ፣ ስለ ሩታ ግራቬዮለንስ ነው። ሁለቱ በጠባይ ይቀራረባሉ፤ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር መጠን ግን አንድ አይደለም።

ከዚያ ቅጠል ውስጥ ለጥያቄዎ የሚያስፈልጉኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ያ ኃይለኛ ሽታ ነው፤ በአመዛኙ የሚመጣው 2-ኡንዴካኖን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ነፍሳትን ያባርራል፤ አሜሪካ ውስጥ በቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ሆኖ ተመዝግቧል። ሁለተኛው ሩቲን ነው። ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሩታ ነው፤ የቪዲዮው ወሬ ሁሉ የሚሽከረከረውም በእሱ ዙሪያ ነው። ሦስተኛው ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስብስብ ነው። ስለ እነሱ ቪዲዮው አንድም ቃል አልተናገረም ብዬ እገምታለሁ። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን እነሱ ናቸው።

ጤና አዳም አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሴሎችን ከጉዳት ይጠብቃል የሚባለው ንጥረ ነገር፣ አለው? አዎ፣ አለው። ይህ ውሸት አይደለም። ስሕተቱ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው «ስለዚህ» ላይ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዴት እንደሚለካ ልንገርዎ። ዲፒፒኤች የሚባል ደማቅ ሐምራዊ ፈሳሽ አለ። የቅጠሉ ጭማቂ ጠብ ሲደረግበት ሐምራዊነቱ እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቶሎና በጥቂት ጠብታ ከደበዘዘ «ከፍተኛ አንቲኦክሲዳንት» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ ዓይን ይማርካል፤ ሥራውም ሐቀኛ ሥራ ነው። ግን የለካው ብርጭቆ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ቀለም መቀየሩን ነው። እዚያ ጨጓራ የለም፣ አንጀት የለም፣ ጉበት የለም። ሻይም፣ ቡናም፣ በርበሬም ያንን ቀለም ያደበዝዛሉ።

ሩቲን ደግሞ ተውጦ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል። አብዛኛው ትንሹን አንጀት እንዳለ አልፎ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ከሩቲኑ ጋር የተያያዘውን ስኳር ቆርጠው ኩዌርሴቲን ወደሚባል ሌላ አንቲኦክሲዳንት ይቀይሩታል፤ ከዚያም ጥቂቱ ይመጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የሆላንድ ጥናት ይህንን በሰዎች ላይ ለክቶታል። ከሩቲን የተመጠጠው 17 በመቶ አካባቢ ነበር። ከቀይ ሽንኩርት የመጣው ኩዌርሴቲን ግን 52 በመቶ ያህሉ ገባ። እንግዲህ እናትዎ ለሩቲኑ ብለው ያንን መራራ ውኃ ሲጠጡ፣ የተሻለው ነገር በየቀኑ ወጥ ውስጥ ሲቁላላ ይውላል። ጤና አዳም የሚነከርበት ቡናም ቢሆን ራሱ በአንቲኦክሲዳንት የታወቀ መጠጥ ነው።

አንቲኦክሲዳንት በበዛ ቁጥር ጤና ይበዛል የሚለውም ሐሳብ ተፈትኗል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት በኪኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ በ18 በመቶ ጨመረ። ካሮትና ጎመን ውስጥ ሲበላ ማንንም ያልጎዳ ነገር፣ ተለይቶ ወጥቶ በብዛት ሲዋጥ ሌላ ጠባይ አሳየ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትም የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት ነጥብ የያዘ ሰንጠረዥ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አነሣው። ነጥቡ በሰው ጤና ላይ ከሚታይ ለውጥ ጋር አይገናኝም፣ ነጋዴዎችም ማሻሻጫ አድርገውታል ብሎ ነው።

«ካንሰር ይገድላል» የሚባለው የሚመጣው በሳህን ላይ የሚያድጉ የካንሰር ሴሎች ላይ ጭማቂው ሲፈስ ሴሎቹ ስለሚሞቱ ነው። በረኪናም ቢፈስባቸው ይሞታሉ። ከባዱ ጥያቄ ጤነኛውን ሴል ሳይነካ፣ በሰው ደም ውስጥ በሚደርስበት መጠን ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ጤና አዳም መልስ የለውም። ደም ማጥራትም የኩላሊትና የጉበት ሥራ ነው። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል። ቅጠል አያግዘውም፤ ሲበዛ ግን ሊያደክመው ይችላል።

አሁን የእናትዎ ጉዳይ። እሳቸው እየጠጡ ያሉት «ጤና አዳም» ብቻ አይደለም፤ ጤና አዳም ከአምሎዲፒንና ከሜትፎርሚን ጋር ነው። ሦስቱ ሰውነት ውስጥ ይገናኛሉ። ፉራኖኩማሪኖች በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን አንድ ኢንዛይም ያዳክማሉ። ይህ ነገር ለዓለም የታወቀው ግሬፕፍሩት በሚባለው የሎሚ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ፌሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲሞክሩ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን የግሬፕፍሩት ጭማቂ ተጠቀሙ። የመድኃኒቱ መጠን በሰዎቹ ደም ውስጥ ከሚጠበቀው እጅግ በልጦ አገኙት። ጭማቂው መድኃኒቱ እንዳይሰበር አድርጎት ነበር። ፌሎዲፒንና የእናትዎ አምሎዲፒን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ አምሎዲፒን በዚህ በኩል ይሻላል፣ ያን ያህል አይነካም። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ሲምቫስታቲን ግን በጣም ይነካል። እናትዎ እሱንም የሚወስዱ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለዚህ ነው የሁሉንም ኪኒን ዝርዝር ለፋርማሲስት ያሳዩ የምለው።

ሜትፎርሚን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ጉበት አይሰብረውም፤ እንዳለ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ኩላሊት ከደከመ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። መጠራቀሙ ላክቲክ አሲዶሲስ የሚባል አደገኛ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል። የጤና አዳም ወገን ተክል ቀቅሎ በብዛት የጠጣ ሰው የልብ ምቱ ዘግይቶ፣ ኩላሊቱ በድንገት ደክሞ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ኩላሊት ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

ታዲያ 128/80 ከየት መጣ? ኪኒኑ እየሠራ ስለሆነ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግፊቱ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ማለቱ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ የተነሣ ስትሮክ መቶታል። ግፊት በመድኃኒት ይያዛል እንጂ አይነቀልም። ሲለቁት ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚመለሰው። ቅጠሉም ትንሽ አግዞ ሊሆን ይችላል፤ በእንስሳት ላይ ግፊት ሲቀንስ ታይቷል። ግን ይህ እንኳ ቢሆን የምሥራች አይደለም። የዛሬው እፍኝና የነገው እፍኝ እኩል አይሆንም። በበጋ የተቀጠፈውና በክረምት የተቀጠፈው ኃይሉ አንድ አይደለም። አንድ ቀን ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ሲነሡ ያዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ። በ58 ዓመት መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ እናትዎ በየቀኑ እፍኝ እፍኝ እየቀጠፉ ነውና። ፉራኖኩማሪን ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። በዚያው ሰዓት ምንም አይሰማም። ቃጠሎው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል፦ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ቡናማ ምልክት ይተዋል። ዘንጉ እጅን በነካበት መስመር መስመር እየሠራ ስለሚወጣ ሰው «ምን ገረፈሽ?» ይላል። ቅጠሉን ቀጥቅጦ ጭርት ላይ ለጥፎ ፀሐይ ላይ መቀመጥ በራስ ላይ እሳት እንደማኖር ነው።

የሚገርመው ይኸው የሚያቃጥለው ነገር በሐኪም እጅ መድኃኒት ይሆናል። ከፉራኖኩማሪኖቹ አንዱ ዛንቶቶክሲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብፃዊው ሐኪም አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲ ከሌላ የአገሩ ተክል የወጣውን ይህንኑ ንጥረ ነገር ለለምጽ ሕክምና ተጠቀመበት። ዛሬም የቆዳ ሐኪሞች በሚሊግራም መዝነው ይሰጡትና በተለካ ብርሃን ሥር ታካሚውን ያቆሙታል። አንድ ንጥረ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ያቃጥላል፤ ክሊኒክ ውስጥ ቀለም ይመልሳል። ልዩነቱ ሚዛኑ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት የአባቶችን መድኃኒት ለመናቅ አይደለም። ሥራዬ መድኃኒት ዕፅዋት ናቸው፤ ብዙ የማውቀውን የነገሩኝም የቤት እናቶች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ በወንዝ ዳር ሆኖ ያየው ነገር እኮ ከሕዝቡ ኑሮ የተገኘ ነው። ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ ያጥባሉ፤ ከታች በኩል ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እሱ ግን «እንዶድ ቢልሃርዝያ ያድናል፣ ጠጡት» አላለም። ስንት ግራም በስንት ሊትር ውኃ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል፣ ዓሣንና ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ዓመታት ፈጀ። የኮሶ ነገርም እንዲሁ ነው። አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጡት በልክ፣ ጊዜ ጠብቀው ነበር። የበዛበት ሰው ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋልና በየቀኑ በብርጭቆ አልጠጡትም። ጤና አዳምንም የሰጡን ቡና ስኒ ውስጥ አንድ ዘለላ አድርገው፣ ፍሬውን በርበሬ ውስጥ ጣል አድርገው ነው። መጠኑም የትውፊቱ አካል ነው። እፍኝ ሙሉ ቀቅሎ ጧትና ማታ መጠጣት አዲስ ፈጠራ ነው፤ አያቶቻችን አያውቁትም።

ስለዚህ «በቀን ስንት ብርጭቆ?» ላሉኝ መልሴ ዜሮ ነው። እናትዎ የተቀቀለውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ። ኪኒናቸውን ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። በሚቀጥሉት ቀናት ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸውን ይለኩ፤ ለኩላሊታቸው ክሬቲኒንና ፖታሲየም የሚባሉትን የደም ምርመራዎች ያድርጉ። ውጤቱ ደህና ሆኖ ቢመጣ ለመመርመራቸው አይጸጸቱም፤ በስኳርና በግፊት ምክንያት ከዚህም በፊት በየጊዜው መታየት ያለበት ምርመራ ነው። ትውከት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የዘገየ የልብ ምት ወይም የሽንት ማነስ ካዩባቸው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ የጠጡትን ቅጠልም ይዘው ይሂዱ። «ኪኒን ማብዛት አልወድም» ካሉ የመጠን ቅነሳውን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ጨው መቀነስና በየቀኑ በእግር መሄድ ግፊትን በእርግጥ ስለሚቀንሱ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክልበት አጋጣሚ አለ።

ሆድ ሲነፋቸው ወይም ሲቆርጣቸው፣ ወይም ለሽታው ብቻ፣ ስኒ ቡና ውስጥ አንድ ትንሽ ዘለላ ነክረው ቢያወጡ አልከለክልም። እኔም ቡናዬን እንደዚያ ነው የምጠጣው። ዘለላው በስኒ ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተቀቅሎ ከተጨመቀ እፍኝ ቅጠል ጋር በፍጹም አይወዳደርም። ይህ ፈቃድ ግን ለነፍሰ ጡሯ እህትዎ አይሠራም። ስትወልድም ለሕፃኑ የሆድ ቁርጠት ጤና አዳም በቅቤም ሆነ በውኃ እንዳይሰጠው። ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ለትልቅ ሰው ኢምንት የሆነ ጠብታ ደግሞ ለሦስት ኪሎ ሰውነት ብዙ ነው።

ተክሉን አይንቀሉት። ግን ፀሐይ ሳትበረታ ጧት ወይም ማታ ይቀጠፍ፤ ብዙ የሚቆረጥ ከሆነ በጓንት ይሁን። ቀጥፈው ሲጨርሱ እጅን እስከ ክንድ በሳሙና መታጠብ ነው። አጠገቡ የሚጫወት ልጅ ካለ ደግሞ በአጥር ይከልሉት።